ኑሮ በከበደበት ሰዓት እንግሊዝ ለውጭ እርዳታ ማውጣቷ ልክ ነው ትላላችሁ?

ሊድስ ባስ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። ሊድስ ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ሰሞኑን እረፍት ክፍላችን ውስጥ የተነሳ ክርክር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

የግብር መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ የሚልከውን መግለጫ ታውቁታላችሁ፤ ከደመወዝ የተቆረጠው ግብር ምን ላይ እንደዋለ በየመስመሩ የሚያሳየውን ማለቴ ነው። ጤና፣ ጡረታ፣ ትምህርት፣ የዕዳ ወለድ እያለ ይወርድና ታች «የውጭ እርዳታ» ይላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አለ፤ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ልጄ ስትወለድ ከሁሉም ቀድሞ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ስልኩ ላይ ከፍቶ ያችን መስመር በጣቱ እየነካ፣ «እናቴ ለዳሌ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከያዘች ዓመት አልፏታል። የጋዝና የመብራት ሂሳቡን አንተም ታውቀዋለህ። ታዲያ ይሄ ገንዘብ ወደ እናንተ አገር የሚሄደው ለምንድን ነው?» አለኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። በአንድ አፍታ አምባሳደር ሆንኩላችሁ።

«መቼ ለእኔ ደረሰኝ» ብዬ በቀልድ አለፍኩት። ጥያቄው ግን የምር ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ በየወሩ እልካለሁ፤ ትርፍ ሰዓት ሲጠፋም መጀመሪያ የምቀንሰው የራሴን ወጪ ነው። መንግሥት ግን ልጅ አይደለም፤ ለራሱ ዜጋ ቃል የገባ አካል ነው። ኢኮኖሚ ሲወድቅ እርዳታን መቁረጥ ልክ ነው ወይ? የሚቆረጠውስ በእውነት የት ሲሄድ የነበረ ገንዘብ ነው? የአገር ቤቱን ፖለቲካ እዚህ እንዳታመጡብኝ አደራ።

ያገሬ ልጅ 77

ይቆረጥ። ምን ክርክር አለው? «የኛ» የሚባለውን የሴት ልጆች የሬዲዮ ድራማና ሙዚቃ ፕሮግራም ታስታውሳላችሁ? ዴይሊ ሜይል «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ሲጮህበት ከርሞ በ2017 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። ቤቱን ማሞቅ ያቃተው ሽማግሌ ለባንድ ይክፈል? እኛስ ስንት ዘመን ሙሉ ተረዳን፣ ምን ተለወጠ? ስንዴ መጠበቅ ለመድን፣ አለቀ። የራሷ ሲያርባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይሄ ነው።

ገንዘብ ያዥ (በርሚንግሃም)

ወንድሜ የሊድሱ፣ መልሴ ይረዝማል፤ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል።

አሁን መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ግን ዋግ ኽምራ ውስጥ የአንድ ወረዳ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ የሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥራቸው የገጠር ቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጋፍ፣ ክፍያ በእጄ ቆጥሬ ከፍያለሁ። ሴፍቲኔት በ2005 ተጀመረ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ እንግሊዝም ከዋነኞቹ ለጋሾች አንዷ ነበረች። ስለዚህ የባልደረባህ ፓውንድ ብር ሆና መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ አይቻታለሁ።

የክፍያ ቀን ገንዘቡ በከረጢት ታስሮ ከፖሊስ ጋር በመኪና ወደ ቀበሌ ይወጣል፤ መንገድ ከሌለ ቀሪው በእግር ነው። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ይዘረጋና ሰው በስሙ እየተጠራ ይቀርባል። ሥራው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ታስቦ ነው፤ እርከን፣ ኩሬ፣ የገጠር መንገድ። አቅመ ደካሞችና ነፍሰ ጡሮች ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል። የሚፈርመው ጥቂት ነው፤ ሌላው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ድንጋይ ሲደረድር የከረመ ጣት ግን አሻራው ተልጦ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው የሚያወጣው። ኦዲተር እንዳይጥለው ሌላ ጣት፣ ሲያቅት የግራ እጅ እናስነካ ነበር። ለሰነፍ የተሰጠ ስንዴ የሚለውን ወሬ ስሰማ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ ጣቶች ናቸው።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ያየሁት፣ ለገበሬው የገንዘቡን ያህል የሚመጣበት ቀንም እንደሚወስን ነው። የሚያዝያው ክፍያ በሚያዝያ ከገባ ፍየሏ አትሸጥም። ወደ ሰኔ ከተንከባለለ ከነጋዴ በወለድ ይበደራል፤ ብሩ ሲመጣ ከእኔ ጠረጴዛ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ነጋዴው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «ተከፍሏል» ነው የሚሉት።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልምጣ። እርዳታው ከአገሪቱ ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ በመቶኛ የሚሰላ ነው። የ0.7 በመቶ ግብ በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው በ1970 ነው፤ እንግሊዝ የደረሰችበት በ2013፣ ሕግ ያደረገችው በ2015። ልብ በል፣ 2013 ማለት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካሜሮንና የገንዘብ ሚኒስትሩ ኦዝቦርን ሁሉን ነገር ሲቆርጡ የነበረበት ጊዜ ነው። ያኔ እርዳታውን ሳይነኩ ያለፉት ወግ አጥባቂዎቹ ራሳቸው ናቸው።

መቶኛ መሆኑ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለው። ገቢ ሲወድቅ እርዳታውም አብሮ ይወድቃል፤ ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት። በ2020 በኮቪድ የእንግሊዝ ኢኮኖሚ ወደ 10 በመቶ ገደማ ሲኮማተር፣ በሐምሌ ላይ ከዚያው ዓመት በጀት 2.9 ቢሊዮን ፓውንድ ተቀነሰ፤ 0.7 ግን እንዳለ ነበር። በኅዳር ሱናክ፣ ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ከ2021 ጀምሮ 0.5 ይሆናል አለ። ይኼኛው ሁለተኛ ቅነሳ ነው፣ 4 ቢሊዮን ያህል። መንግሥት በዚያ የበጀት ዓመት የተበደረው ከ300 ቢሊዮን በላይ ነበር። እንግዲህ አራቱ ከሦስት መቶው ላይ ምን ያህል ቀዳዳ እንደሚደፍን ለባልደረባህ ንገረው።

ጉዳቱ የመጣው ግን ከአቆራረጡ ነው። ለዓለም ባንክና ለመሳሰሉት በፊርማ የታሰረ ገንዘብ በመሐል አይነካም። ስለዚህ ቢላዋው የሚያርፈው ውሉ በላላው፣ በየዓመቱ በሚታደሰው ላይ ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያይ የለም። በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድ ለወሊድ መከላከያና ለእናቶች መድኃኒት ይሰጥ የነበረው 154 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ 23 ሚሊዮን ወረደ። የመን፣ ያኔ ረሃብ አፋፍ ላይ ሆና፣ ከ164 ወደ 87 ሚሊዮን። እኛም በ2019 በ300 ሚሊዮን ፓውንድ ከፓኪስታን ቀጥለን ሁለተኛ ተቀባይ ስለነበርን ከዚህ ቢላዋ ሩቅ አልነበርንም።

«ጊዜያዊ ነው» ነበር የተባለው። በሐምሌ 2021 ፓርላማው በ333 ለ298 ሲያጸድቀው፣ መንግሥት ለዕለት ወጪው መበደር ሲያቆምና ዕዳው መቀነስ ሲጀምር ወደ 0.7 እንመለሳለን የሚል ነበር። የቀድሞዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ሳትቀር በራሷ ፓርቲ ላይ ድምፅ ሰጠች። ከዚያስ? በየካቲት 2025 ስታርመር፣ የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ለመከላከያ ገንዘብ ለማግኘት በ2027 ወደ 0.3 እናወርደዋለን አለ፤ የልማት ሚኒስትሯ አኔሊስ ዶድስ በቀናት ውስጥ ለቀቀች። ፊንላንድም በ1990ዎቹ ቀውስ ከ0.8 ወደ 0.3 ወርዳ እስከ ዛሬ ወደ ነበረችበት አልተመለሰችም። ስለዚህ እኔ «በችግር ጊዜ ይቆረጥ» ሲሉኝ የምሰማው «ለዘለዓለም ይቆረጥ» ነው።

77፣ «የኛ» የተቋረጠው በቀውስ ጊዜ አይደለም፤ ጋዜጣ ስለጮኸ ነው። ፕሮግራሙ ይረባል አይረባም ብለን ብንከራከር ደስ ይለኛል፤ ከጋዝ ሂሳብ ጋር ግን አይገናኝም። ምን ተለወጠ ላልከው፣ በ1990 ከ1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱብን ነበር፤ በ2012 ቁጥሩ 68 ደርሷል። የለጋሽ ሥራ ብቻ ነው አልልም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በእግራቸው የዞሩበት ነው። ክትባቱን ግን ማን ገዛው?

ትርሲት (ማንቸስተር)

ጋሼ ገንዘብ ያዥ፣ ያላነሱት አንድ ትልቅ ነገር አለ። የሊድሱ ወንድሜ፣ «የት ሲሄድ የነበረ ገንዘብ ነው» ያልከው ላይ ልመልስልህ፤ ጥሩ ድርሻው እዚሁ እንግሊዝ ነበር።

የሀብታም አገሮች ማኅበር በሆነው በኦኢሲዲ የለጋሾች ደንብ፣ ጥገኝነት ጠያቂ የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት የሚያድርበትና የሚበላበት ወጪ «የልማት እርዳታ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በ2023 የእንግሊዝ እርዳታ 15.3 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ከዚያ 4.3 ቢሊዮኑ፣ ከሩብ በላይ ማለት ነው፣ የወጣው በስደተኞች ስም በዚህች አገር ውስጥ ነው። በብዛት ሆቴል ላይ።

አንዷ እኔ ነኝ። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ፣ ሁለት አልጋ ባለው ክፍል ከማላውቃት ኤርትራዊት ልጅ ጋር ከረምኩ። ለኪሳችን በሳምንት አሥር ፓውንድ አይሞላም። ምግቡ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል፤ ሩዙ ዳሩ ደርቆ መሐሉ በረዶ ነው። ማይክሮዌቩ ኮሪደር ላይ አንድ ብቻ ስለነበረ ሕዝቡ ሁሉ ተሰልፎ ይቆማል። መሥራት አይፈቀድልኝም፤ ነርስ ሆኜ ማለቴ ነው፣ የባልደረባህ እናት ወረፋ የምትጠብቅበት አገር ውስጥ። በየሌሊቱ የሚከፈለው ሂሳብ ግን የልማት እርዳታ ሆኖ ይመዘገባል። የኔ ወረዳ ሰው ያንን ገንዘብ አላየውም፣ እኔም አላየሁትም፤ ያየው የሆቴሉ ባለቤትና በመሐል ያለው ኮንትራክተር ነው።

ስለዚህ 0.5 ሲባል እውነተኛው 0.5 አልነበረም። ባልደረባህ የተናደደበት ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ ሳይሄድ አሥር ደቂቃ ከቤቱ ርቆ ሲወጣ የነበረ ሊሆን ይችላል።

አዲሱ ገበያ

እኔ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው፤ ተቀባዩ ወገን ይናገር እንጂ።

በጥር 2025 አሜሪካ እርዳታዋን በአንድ ፊርማ ስታቆም ምን እንደሆነ እናንተ በዜና አያችሁት። ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። አንዲት ጎረቤቴ ክሊኒክ ውስጥ ዳታ መዝጋቢ ነበረች፤ የኤችአይቪ ታካሚ ቀጠሮ ሲያልፈው ደውላ «ምነው ቀሩ?» የምትል እሷ ነበረች። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ አለ፣ የሚደውል ሰው ግን የለም።

እና ይህን አይቼም ከገንዘብ ያዥ ጋር ሙሉ ለሙሉ አልስማማም። እንግሊዝ የኔን ጎረቤት ደመወዝ ዘለዓለም የመክፈል ግዴታ የለባትም። የኛ መንግሥት ነው ይህን በራሱ በጀት መያዝ የነበረበት፤ ሃያ ዓመት ጊዜ ነበረው። ለጋሹ ከፈለገ ይውጣ፤ ግን ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይስጠንና በየዓመቱ እየቀነሰ ይውጣ። የነሱ ቀውስ የኛን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 አይጠብቅም። የኛ በጀት ጸድቆ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ ከየት አምጥተን እንሞላለን?

ገንዘብ ያዥ (በርሚንግሃም)

አዲሱ ገበያ፣ ቀስ እያለ ይውጣ ባልከው እስማማለሁ። መንግሥታችን ይይዘዋል በሚለው ላይ ግን ሴፍቲኔቱን ከጤናው ለይ። የጤና ሠራተኛ ደመወዝ ወደ መደበኛ በጀት ሊገባ ይችላል። ሚሊዮኖችን ለስድስት ወር የሚደግፍ ፕሮግራም ግን ዝናቡ በጠፋበት ዓመት ነው ወጪው የሚያብጠው፤ ያ ዓመት ደግሞ የመንግሥትም ኪስ የሚራቆትበት ነው።

ሊድስ ባስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ትርሲት፣ የአንቺን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ትናንት ለባልደረባዬ ነገርኩት። ከ100 ፓውንድ የመንግሥት ወጪ ለውጭ እርዳታ የሚሄደው ከአንድ ፓውንድ ብዙም አይበልጥም ስለው፣ «አንድም ቢሆን ለእናቴ ይሁን» አለ፤ እሱም እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እንደዛ ነው የምለው። የሆቴሉን ሳወራው ግን ቁጣው ዞረ። «ለሆቴል ባለቤት የሚከፈለውን ነው ለአፍሪካ ሰጠን የሚሉን?» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ሲፈልግ የእረፍት ሰዓታችን አለቀ። ነርሷ ለምን እንዳትሠራ እንደተከለከለች ጠይቆኝ መልስ አልነበረኝም። ትርሲት፣ አሁንስ ፈቃዱን አገኘሽ? ሐሙስ ማታ አንድ ሺፍት ላይ ነን፤ መጠየቁ አይቀርም።