ደቦ፣ ታንኳ፣ አውድማ፦ ጣና ዳር ዛሬም በድሮው ወግ ሚሰራበት ሰፈር የት አለ?

የቁንዝላ መስመር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ። ባሕር ዳር ነው ምኖረው፣ ያደግኩት ግን ወደ ቁንዝላ በኩል ግልገል አባይ ጣና ሚገባበት አካባቢ ነው። ጥያቄዬ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

ልጆቼ ከተማ ተወልደው ከተማ ነው ያደጉት፣ በሬ ያውቃሉ፣ ተጠምዶ ሲያርስ ግን አላዩም ማለት ይቻላል። ሰሞኑን አያታቸውን ጥየቃ ይዣቸው ስሄድ ድሮ ዳጉሳ ምናርምበት ማሳ ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ ግጦሹም ተሸንሽኖ ታርሷል፣ እናቴን ደቦ ዛሬም ይወጣል ወይ ስላት "ማን ይመጣል ልጄ፣ ሁሉም በቀን ሠራተኛ ነው ሚያሳጭደው" አለችኝ። አንጀቴን ነው የበላችው።

ደቦ እኮ ለኛ ለልጆቹ ከበዓል አያንስም ነበር። ባለ ደቦው ቀደም ብሎ ይጠራል፣ ሚስትየው ጠላዋን ጠምቃ ትጠብቃለች፣ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ሰዉ ማጭዱን ይዞ ከየአቅጣጫው ይመጣና ማሳው ዳር ይሰለፋል፣ ድምፁ ሚያምረው ያወጣል ሌላው ይቀበላል፣ ወደ ኋላ የቀረ ካለ በግጥም እየተነካካ ይደርሳል፣ እኛ ጠላውን በአንኮላ እናመላልሳለን፣ ነዶ እንሸከማለን። ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ ማሳዋ ጦሙን አያድርም ነበር፣ ለሷ ሰዉ ሳይጠራም ይወጣላታል። አውድማውስ? በእበት ተለቅልቆ ይደርቅና በሬዎቹ ይዞሩበታል፣ ነፋስ ሲነሳ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ እየበተኑ ያነፍሱታል፣ ገለባው ወዲያ ፍሬው ወዲህ፣ ማታ ደግሞ እህሉ እስኪገባ እዛው ይታደራል፣ ብርድ ነው ግን እንቅልፉ እንዴት እንደሚጥም።

እና ጥያቄዬ፣ በጣና ዙሪያ ፎገራም ይሁን ደንቢያ፣ ዘጌም ይሁን ደሴቶቹ፣ ዛሬም በበሬ ሚወቃበት፣ ደቦ ሚወጣበት፣ ታንኳ ሚሰራበት ቦታ ምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ለቱሪስት ተብሎ ሚሰራውን አይደለም፣ ሰው ለኑሮው ሲሰራ ነው ልጆቼ እንዲያዩልኝ ምፈልገው። እግረ መንገዳችሁንም ካገራችሁ ምን እንደናፈቃችሁ ጣል አርጉልኝ።

የወረታ ልጅ፦

ወንድሜ እንኳን ፎገራን አነሳህ። እኔ ወረታ ዙሪያ ነው ያደግኩት፣ እውነቱን ልንገርህ እኛ ጋ አገሩን የቀየረው ሩዝ ነው። በደርግ ጊዜ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ጅግናና ሻጋ ሚባሉ ቀበሌዎች ላይ በማኅበር ሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው የጀመሩት፣ ዛሬም ገበሬው እጅ ላይ ያለው "ኤክስ ጅግና" ሚባለው የሩዝ ዘር ስሙ ከጅግና ቀበሌ ነው። አባቴ ሲያወራ መጀመሪያ ብዙም ያመነው ሰው አልነበረም ይላል፣ ምክንያቱም ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ መሬቱ ለከብት ካልሆነ ለሌላ አይሆንም ተብሎ ነበር፣ ሩዝ ደግሞ ውሃ የተኛበትን ነው ሚወደው። አሁን ወረታ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት፣ የሩዝ መፈልፈያ ከተማውን ሞልቶታል፣ እንጀራችንም ጤፍና ሩዝ ተደባልቆ ነው ሚጋገረው፣ ሩዙ ሲነሳ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል፣ መሬቱ እረፍት የለውም።

ሩዝ ቤታችንን ቆርቆሮ አልብሶታል፣ እኔንም አስተምሮኛል፣ ስለዚህ አላማርረውም። ሚቆጨኝ የከብቱ ነገር ነው። የፎገራ ላም በወተቷ በመላው አገር የታወቀች ናት፣ ያን ሁሉ ከብት ይዞ የኖረው ግን ያ ሜዳ ነበር። ሜዳው ሲታረስ ከብቱ ደጅ ታስሮ የሩዝ ገለባ ሚቀለብ ሆነ፣ ያለውም ቁጥሩን ቀነሰ፣ የእረኝነቱ ነገር በዛው ላላ። እረኛ ከሌለ ዋሽንቱ ከየት ይመጣል? ገናስ? ገና ጨዋታ ሩሩን መትተህ ምትከተልበት ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፣ እኛ ከላይ ቀበሌና ከታች ቀበሌ ተከፍለን ፀሐይ እስክትጠልቅ እንጫወት የነበረበት ቦታ ዛሬ ዳር እስከ ዳር የሩዝ ውሃ ማቆሪያ ክትር ነው። ልጆቹ ኳስ እንኳ ሚጫወቱት መንገድ ላይ ነው።

ለጥያቄህ ግን መልሱ አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ና፣ በበሬ ሚወቃ አሁንም ሞልቷል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ማለት ነው። ለአረም ከሆነ ክረምቱን ና፣ ሩዝ አረሙ መከራ ነው ብቻውን ሚወጣው የለም፣ ዛሬ ላንተ ነገ ለኔ እየተባባሉ በወንፈል ይሰራሉ። ድግሱና ዘፈኑ ግን ቀዝቅዟል።

የደንቢያዋ እህታችሁ፦

ወንድሞቼ ትንሽ ልግባበት። ናፍቆቱ ይገባኛል እኔም ደንቢያ ነው ያደግኩት፣ ግን ደቦውን ስታነሱ ያን ጠላ ማን እንደጠመቀው አብራችሁ አንሱ። ለአንድ ደቦ ብቅል ማብቀል አለ፣ ጌሾ መውቀጥ አለ፣ አሻሮ መቁላት አለ፣ ጋኑን በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን አለ፣ ውሃው በእንስራ ነው ሚመጣው፣ እንጀራው ለዛ ሁሉ ሰው ሌሊት ነው ሚጋገረው። እናቴ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ ወፍጮው ላይ ተንበርክካ ነበር ሚነጋላት፣ ጉልበቷ ላይ ያለው ቆዳ እስከ ዛሬ ደንድኖ አለ፣ ስትቀመጥ ቀሚሷን ወደ ታች እየሳበች ትሸፍነዋለች። የናፍጣ ወፍጮ መንደራችን ሲገባ እልል ያልነው ሴቶች ነን፣ ማንም ሰው ያን ድንጋይ ናፈቀኝ ቢለኝ አልሰማውም።

እኔ ሚናፍቀኝ የወፍጮው እንጉርጉሮ ነው። ጨለማ ውስጥ ከድንጋዩ ድምፅ ጋር እየተመላለሰ ሚመጣ፣ አንዳንዴ ስለ ወንድሟ፣ አንዳንዴ ስለ አማቷ፣ ቀን ደፍራ ማትናገረውን ሁሉ እዛ ላይ ነበር ምትለው። እኛ ልጆቹ ተኝተናል ብላ ነው፣ እኛ ግን እንሰማለን።

ደቦ ሞተ ማለቱን ግን አልቀበልም። እኛ በኩል እምቦጭ ሚባለው የውሃ አረም እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፣ በኛው በሰሜኑ ዳር። ከብት ሚጠጣበት ተዘጋ፣ መረብ ሚጥለው መረቡን ለማውጣት ተቸገረ፣ ሐይቁ ሸሸት ሲል ሽምብራ ሚዘራበት መሬት እምቦጩ ተኝቶበት ያድር ጀመር። ያኔ ሰዉ ሲወጣ ያየሁት ደቦ ነው ሌላ ስም የለውም፣ ሽማግሌው ወጣቱ ቄሱ ተማሪው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ እየነቀለ ወደ ዳር ሲጎትት፣ እኛ እንጀራና ጠላ ተሸክመን ስንወርድ። ማሽንም መጣ ግን መጀመሪያ የደረሰው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ልጆችህን ደቦ ለማሳየት ከፈለግክ እምቦጭ ሊነቀል ሲወጣ አምጣቸው፣ ትልልቆቹ ይንቀሉም።

ከዘጌ፦

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ስለ ታንኳው እኔ ልበል።

የዘጌ ሰው እንደምታውቁት አያርስም፣ በሬም አያቆምም። ከጻድቁ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ቃል ኪዳን ነው፣ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም ቡናውም በጥላው ሥር ሚበቅለው በዛ ነው። እህሉን ሚገዛው ቡናውን፣ ጌሾውን፣ ሎሚውንና እንጨቱን ባሕር ዳር ገበያ አውርዶ ነበር፣ ሚያወርደውም በታንኳ። እንጨት የተጫነ ታንኳ ውሃው ሊውጠው ምንም ሳይቀረው ረጋ ብሎ ሲሄድ ቀዛፊው ጀርባው ላይ ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ነው ሚቀዝፈው፣ ማዕበል ከተነሳ ዳር ይዞ ይጠብቃል። አሁን ሞተር ጀልባው በአጭር ጊዜ ያደርሳል፣ የታመመ ሰው ለማድረስ የሞተሩን ያህል ሚሆን የለም እግዜር ይስጠው።

አሠራሩን ማየት ከፈለግክ ግን ታንኳ ሚሰሩት ነገደ ወይጦዎች ጋ ሂድ፣ እዛው ባሕር ዳር ከተማችሁ ውስጥ ሐይቁ ዳር ናቸው። ታንኳው ሚሰራበት ደንገል፣ ሐይቁ ዳር ሚበቅለው ረጅም ሸምበቆ መሰል ተክል፣ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ እየታሰረ በልጥ ይጠፈራል፣ ጉልበቱን ተክሎ በደንብ ሚስብ ሰው ይፈልጋል ምክንያቱም ላላ ካለ ውሃ ላይ ይበተናል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል፣ ሆዱ ላይ ሌላ ደንገል ይደረብበታል ጭነቱና ሰውየው እንዳይርስ። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከሥራ ሲመለሱ አውጥተው ዳር ላይ ያቆሙታል ውሃው እንዲንጠፈጠፍ። እንዲያም ሆኖ ቶሎ ያረጃል፣ ለዛ ነው ሚሰራው ሰው ሥራ ፈትቶ ማያውቀው። በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል ሚባል ኖርዌጂያዊ "ራ" ብሎ በሰየማት የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲነሳ ደንገሉን የወሰደው ከኛው ከጣና ነው፣ ይህን ልጆችህ ይስሙ።

ሚያሳስበኝ ደንገሉ ነው። ዳሩ ይታረሳል፣ ይታጠራል፣ ይገነባበታል፣ ወይጦዎቹም ከሐይቁ እየተገፉ ነው የኖሩት። ደንገሉ ካለቀ ታንኳ እንዴት እንደሚሰራ በቪዲዮ ብንይዘው ምን ይሆናል? ዓሣውም፣ ቀረሶውም አምባዛውም፣ እንቁላሉን ሚጥለውና ሚደበቀው ዳር ዳሩን ሣሩና ደንገሉ ሥር ነው።

ዘንዘልማ፦

እኛ ጋ ደግሞ ገጠሩ አልተቀየረም፣ ከተማው መጥቶበት ነው የሄደው። የአባቴ ማሳ ለከተማ ተወሰደ፣ ካሳው ወጪ ሲወጣበት አለቀ፣ ዛሬ የሰው ግቢ ጥበቃ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አለ፣ ለማገዶ እንኳ ሲቸግረን አላስነካም ብሏል። የበሬዎቹን ስም እስካሁን ይጠራል፣ ቦራና ዳልቻ። ወንድሜ ሩቅ ሳትሄድ ልጆችህን ወደኛ አምጣቸው፣ እርፉን ድግሩን ወገሉን እያወረደ ያሳያቸዋል፣ እሱም ሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ደስ ነው ሚለው።

የቁንዝላ መስመር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም ነበር። የዘንዘልማው ወንድሜ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ በመጀመሪያ አባታችን ጋ ነው ምንመጣው። ወረታ ታኅሣሥ ላይ እንገናኝ። ጋሼ የዘጌው፣ የደንገሉን ነገር ያሉትን ለልጆቼ እንዳለ ነው ያነበብኩላቸው፣ ትልቁ ለምን አንተክልም አለኝ፣ ሚተከል ከሆነ እስኪ ንገሩን። እህቴ የደንቢያዋ ልክ ነሽ፣ እናቴ ስለ ደቦ ስጠይቃት ስለ ዘፈኑ ምንም አላለችም፣ ስለ ውሃው ርቀት ነው ያወራችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ እናትሽ ያን እንጉርጉሮ ዛሬም ታስታውሰዋለች? ብትቀጂልን።

የደንቢያዋ እህታችሁ፦

ታስታውሳለች፣ ግን እስኪ በይልኝ ስትሏት አይመጣላትም፣ ታፍራለችም። እጇ ሥራ ሲይዝ ነው ሚወጣት፣ ጥጥ ስትፈትል ወይ ምስር ስትለቅም። ስለዚህ ስልኩን ከፍቼ ጎኗ ካለው መደብ ላይ አርጌ የራሴን ሥራ እሰራለሁ፣ ከብዙ ዝምታና የዶሮ ጩኸት በኋላ ትጀምራለች። እናንተም ለእናቶቻችሁ እንደዛ አርጉ፣ ስልክ ፊታቸው ላይ አትደቅኑ። እየቀዳሽኝ ነው ወይ ካለችኝ ግን አዎ ነው ምላት፣ ይሄ ይቅር ያለችውን አጠፋለሁ ምክንያቱም የሰው ስም ያለበት አለ። ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ የፈቀደችልኝን እዚሁ አስቀምጥላችኋለሁ።