አይሪስና አማሪሊስ ቅጠል ብቻ እያበዙ አበባ የማይሰጡት ለምንድን ነው?

ጠያቂ፦ የጓሮ ወዳጅ

ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ጠባብ መደብ ላይ አይሪስ፣ አማሪሊስና ግላዲዮለስ ጎን ለጎን ተክዬ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሦስቱም እጅግ አምረው አበቡ፤ በሁለተኛው ዓመት አበባው ግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ዘንድሮ ግን አይሪሱ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ይዞ ሁለት የአበባ ዘንግ ብቻ ሲያወጣ፣ አማሪሊሱ ረጃጅም ቅጠሎቹን ዘርግቶ አንድም እምቡጥ ሳያሳይ ወቅቱ አለፈ። ከግላዲዮለሱም ከፊሉ ጭራሽ ሳይበቅል ስለ ቀረ ቆፍሬ ባየው ቡናማ ሆኖ በስብሶ አገኘሁት።

የሠራሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ልጻፍ። ጠልቆ የተተከለን ነገር ነፋስ አይጥለውም ብዬ ስላመንሁ ሦስቱንም ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀበርኋቸው። አበባው ሲረግፍ መደቡ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ቅጠሉን ከአፈሩ ልክ እቆርጣለሁ። ውሃ በየቀኑ አጠጣለሁ፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ለሣር የሚሰጠውን ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ እበትናለሁ። እነዚህን አበቦች በጣም ስለምወዳቸው ነቅሎ መጣሉ አልሆነልኝም። ጥፋቴ የቱ ላይ እንደ ሆነ፣ ማዳንስ ይቻል እንደ ሆነ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መላሽ፦ አረንጓዴ መደብ

ያደረጉትን አንድ በአንድ መጻፍዎ መልሱን ግማሽ አቅልሎታል። ተክሎቹን ማዳን ይቻላል። እንደሚመስለኝ የችግሩ ዋና መነሻ ተፈጥሯቸው የተለያየ ሦስት ተክሎችን በአንድ ዓይነት አያያዝ መያዝዎ ነው።

ከአፈር በታች ያለውን ክፍል በልማድ ሥር እንለዋለን እንጂ ሦስቱም ሥር አይደሉም። አማሪሊስ እውነተኛ ኮረት ነው፤ ለሁለት ቢሰነጥቁት ልክ እንደ ቀይ ሽንኩርት ሽፋን በሽፋን ተደራርቦ ያገኙታል። እነዚያ ሽፋኖች ምግብ ያከማቹ የቅጠል መሠረቶች ናቸው፤ ከታች ያለው ጠፍጣፋ ክፍል አጭር ግንዱ ነው፤ የሚመጣው አበባም ገና ጥቃቅን ሳለ በሽፋኖቹ መካከል ተሸሽጎ ይቀመጣል። ግላዲዮለስ ከውጭ ሲያዩት ኮረት ይመስላል፤ ሲሰነጥቁት ግን ሽፋን የለውም፤ ድፍን ሆኖ ያበጠ ግንድ ነው፤ በየዓመቱ አሮጌው ተሟጦ ሲሞት በላዩ አዲስ ይሠራል። አይሪስ ደግሞ እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ግንድ፣ ማለትም ሪዞም ነው፤ ሥሮቹን ወደ ታች ይሰዳል፣ ቅጠሎቹንም በጫፉ ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል።

ይህን ልዩነት ያነሣሁት የመትከያው ጥልቀት የሚወሰነው በዚሁ ስለ ሆነ ነው። እንደ ቱሊፕና ዳፎዲል ያሉ ኮረቶች ከራሳቸው ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ይቀበራሉ። ግላዲዮለስም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚፈልግ የእርስዎ 12 ሴንቲ ሜትር ለእርሱ ትክክል ነበር፤ የእርሱ መበስበስ ሌላ ምክንያት አለው። አማሪሊስ ግን አንገቱ፣ በማሰሮ ከሆነ እንዲያውም የላይኛው ሲሶው፣ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። ወደ ታች በሚወድቁት የአበባ ቅጠሎቹ ላይ ጢም መሰል ጸጉር ያለው አይሪስ ደግሞ ከሁሉ የተለየ ነው፤ ሥሮቹ ብቻ በአፈር ውስጥ ሆነው የሪዞሙ ጀርባ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን አይሪስ 12 ሴንቲ ሜትር ቀብሮ አበባ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቅጠል እያወጣ ይኖራል፣ አፈሩ ውሃ የሚይዝ ከሆነም ይበሰብሳል። ሪዞም ሁሉ ግን ከላይ ይተከላል ማለት አይደለም፤ ካና ሪዞም ሆኖ ሳለ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መቀበርን ይወዳል።

በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ኮረቶች ጥልቀታቸው ሲያንስ ራሳቸው የሚያስተካክሉበት ብልሃት አላቸው፤ ተኮማታሪ የሚባሉት ሥሮቻቸው እየተሸበሸቡ ሲያጥሩ ኮረቱን ወደ ታች ይስቡታል። ለዚህ ነው በሚጠራጠሩበት ጊዜ ትንሽ ከፍ አድርጎ መትከሉ የሚሻለው።

መላሽ፦ ቅጠሉን ተዉት

ስለ ጥልቀቱ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ አማሪሊሱን ያራቆተው ግን መቀስዎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘንድሮ የሚያዩት አበባ የተሠራው አምና ቅጠሉ ባከማቸው ምግብ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለዓይን ባዶ ቢመስሉም ለተክሉ የዓመቱ ዋና የሥራ ጊዜ ናቸው፤ ቅጠሉ ከፀሐይ ብርሃን ያገኘውን ሁሉ ወደ ኮረቱ የሚያወርደው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ቅጠሉን ከአፈሩ ልክ ሲቆርጡት ኮረቱ ያለውን ስንቅ አውጥቶ ሌላ ቅጠል ያበቅላል፤ ያን ደግመው ሲቆርጡበት ኮረቱ እየሳሳ ይሄድና እምቡጥ ለመሥራት ከሚያስፈልገው መጠን በታች ይወርዳል። እርስዎ የነገሩን የሦስት ዓመት ታሪክ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ያበበው አብቃዩ ባጠራቀመለት ስንቅ እንጂ በእርስዎ መደብ ባገኘው አልነበረም።

አማሪሊስ በዚህ ረገድ ሂሳቡ ግልጽ ነው። በኮረቱ ውስጥ አንድ የአበባ ዘንግ የሚጸነሰው በአማካይ አራት ቅጠሎች ከተሠሩ በኋላ ስለ ሆነ፣ በአንድ ወቅት ብዙ ጤናማ ቅጠል ያወጣ ኮረት በሚቀጥለው ወቅት ሁለት ዘንግ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ አበባው ሲጠወልግ የአበባውን ዘንግ ብቻ ቆርጠው ቅጠሉን ሳይነኩ ማጠጣትዎን ይቀጥሉ። ወቅቱ ሲያበቃ ውሃውን አቋርጠው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ቢያሳርፉት፣ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ እምቡጡን ይዞ ይነሣል።

ለዳፎዲልና ለቱሊፕም ደንቡ ያው ነው፤ ቅጠሉ በራሱ ጊዜ እስኪቢጫ ድረስ፣ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያህል፣ መተው አለበት። አንዳንድ ሰዎች ለማማር ብለው ቅጠሉን እንደ ጸጉር ይጎነጉኑታል ወይም አጥፈው ያስሩታል፤ ይህም ብርሃን የሚያገኘውን ገጽ ስለሚቀንስ ከመቁረጥ ብዙም የማይሻል በደል ነው። የሚጠወልገው ቅጠል ዓይንዎን የሚያስቸግርዎ ከሆነ ዘግይተው የሚያድጉ አበቦችን ከፊቱ ቢተክሉ ይሸፍኑልዎታል።

ማዳበሪያውንም ይለውጡ። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠልን ያለመልማል፣ አካሉን ግን ለስላሳና ውሃ የሞላበት አድርጎ ለብስባሴ ያጋልጠዋል። በፖታሲየም የተሻለ፣ በናይትሮጅን ዝቅ ያለ ማዳበሪያ በጥቂቱ ይበቃል።

መላሽ፦ ደረቅ መደርደሪያ

እኔ ስለ ግላዲዮለሱ ብቻ ልናገር። እየረጠበ በሚኖር አፈር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የቆየ ግላዲዮለስ ቢበሰብስ አያስደንቅም፤ ቡናማ ሆኖ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ ፉዛሪየም በሚባል ፈንገስ ነው፤ ይህም ፈንገስ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በዚያው ቦታ ግላዲዮለስ መልሰው አይትከሉ።

አበባውን ሲቆርጡ ቢያንስ አራት ቅጠል በተክሉ ላይ ይተዉ። ቅጠሉ መቢጨት ሲጀምር በመቆፈሪያ ከሥሩ አንሥተው አፈሩን ያራግፉ፤ ሙቀትና ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያድርቁት። ከዚያ በኋላ ከታች የተጣበቀው የአምናው አሮጌ ክፍል በእጅ ሲገፉት በቀላሉ ይላቀቃል፤ እርሱን ይጣሉት። ለስላሳ የሆነውን፣ ጠቆር ያለ ነጥብ ያለበትን ወይም ሻጋታ የያዘውን አብረው ያስወግዱ። ጤናማውን አየር በሚያስተላልፍ መረብ ወይም የወረቀት ከረጢት አድርገው በረዶ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ላስቲክ ውስጥ ከዘጉበት ግን ላቡ ያሻግተዋል።

በዙሪያው እንደ አተር ያሉ ጥቃቅን ልጆች ታገኛላችሁ። አትጣሏቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢታገሷቸው ያብባሉ።

ጠያቂ፦ የጓሮ ወዳጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት አይሪሱን ከዳር ቆፈርሁት። ሪዞሞቹ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው አንድ ትልቅ ጉብታ ሆነዋል፤ መሐሉ ባዶና ደረቅ ነው፤ በአንድ በኩል ደግሞ ስነካው እንደ ገንፎ የሚለሰልስና በጣም የሚከረፋ ክፍል አገኘሁ። አሁን ላነሣው ይገባል ወይስ ልጠብቅ? ሌላም ያልጻፍሁት ነገር አለ፤ ከአማሪሊሶቹ በሁለቱ ቅጠል ላይ በቁመት የወረደ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር አለ።

መላሽ፦ አረንጓዴ መደብ

የሚከረፋው ክፍል የባክቴሪያ ብስባሴ ስለ ሆነ እርሱ አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ያንሡት። ብስባሴ ባይኖር ኖሮ አይሪስን ለመከፋፈል ተስማሚው ጊዜ አበባው ካለቀ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ በተለምዶም በየሦስት እስከ አምስት ዓመቱ ይደረጋል።

መሐሉ ባዶ የሆነበትን ምክንያት ማወቅዎ ለወደፊቱ ይጠቅምዎታል። አንድ የአይሪስ ሪዞም የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ካበበ በኋላ በግራና በቀኝ ልጆች ያወጣል፤ የሚቀጥለው አበባ የሚመጣው ከእነዚያ ልጆች ነው። ስለዚህ ጉብታው በየዓመቱ ወደ ውጭ እየሰፋ፣ መካከሉ ያበቡ አሮጌዎች ማከማቻ እየሆነ ይሄዳል፤ ልጆቹም ቦታና ፀሐይ ሲያጡ ማበብ ይተዋሉ።

ጉብታውን በሙሉ አንሥተው በውሃ ይጠቡት። ከዳር ያሉትን፣ ሲጨብጧቸው ድንች የሚመስል ጥንካሬ ያላቸውንና ቢያንስ አንድ የቅጠል ማራገቢያ የያዙትን ወጣቶች በስለታም ቢላዋ ለይተው ያስቀሩ፤ የመሐሉን ያለ ርኅራኄ ይጣሉት። የበሰበሰውን ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ ቆርጠው ያስወግዱ። በእያንዳንዱ ቁራጭ መካከል ቢላዋውን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠበት ይንከሩት፤ አለዚያ በሽታውን በገዛ እጅዎ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋሉ። ቅጠሉን ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ያሳጥሩት፤ ሥሩ ገና ስላልያዘ ሙሉውን ቅጠል ሊያጠጣው አይችልም፤ ቅጠል መቁረጥ የሚፈቀደው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የተቆረጠው ገጽ አንድ ወይም ሁለት ቀን በጥላ ይድረቅ።

ሲተክሉ ጉድጓዱ መሐል ላይ ትንሽ የአፈር ጉብታ ሠርተው ሪዞሙን በላዩ ያስቀምጡ፤ ሥሮቹን በሁለት በኩል ወደ ታች ዘርግተው አፈር ይመልሱ፤ ጀርባው ግን ይታይ። በመካከላቸው ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይተዉ፤ ቦታውም በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ጉዝጓዝ አያልብሱት። ሥር ከያዘ በኋላ ውሃ የሚጠጣው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው።

መላሽ፦ የማለዳ ጤዛ

ስለ ግላዲዮለሱ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን በየዓመቱ ማንሣት በሁሉም ቦታ ግዴታ ነው እንዳይባል እሰጋለሁ። አፈሩ የማይቀዘቅዝበትና ውሃ ፈጥኖ የሚሰርግበት ቦታ ከሆነ ግላዲዮለስ በመደቡ ውስጥ ቆይቶ በየዓመቱ ሊያብብ ይችላል። ማንሣትን ግድ የሚያደርገው ውርጭ ወይም በዕረፍቱ ጊዜ የሚተኛበት እርጥበት ነው። የእርስዎ አፈር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለማወቅ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ከሰረገ በኋላ ደግመው ሞልተው በነጋታው ውሃ ካገኙበት መደቡን ከፍ አድርገው መሥራት አለብዎት።

የአማሪሊሱ ነገር ግን አሳስቦኛል። በቅጠሉና በኮረቱ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ቢሆን ኖሮ የፈንገስ ምልክት ስለሚሆን የታመመውን ቆርጦ፣ ቅጠሉን ከማርጠብ ተቆጥቦ ማዳን ይቻል ነበር። በቁመት የሚወርድ ቢጫና ደብዛዛ አረንጓዴ ዝንጉርጉር ግን ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ ለቫይረስ መድኃኒት የለውም። የሚያዛምተው ክሽክሽ የሚባለው የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ያልጸዳ ቢላዋም ያስተላልፈዋል። የቱሊፕ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1637 ገበያው እስኪወድቅ ድረስ በኔዘርላንድ ሰው ሀብቱን ያፈሰሰባቸው ባለ ነበልባል መስመር ቱሊፖች ውበታቸውን ያገኙት ከቫይረስ ነበር፤ ምክንያቱም የታወቀው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ቫይረሱ ቀለሙን ሲያስውብ ኮረቱን ያዳክመው ስለ ነበር እነዚያ ዝርያዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

ስለዚህ ሁለቱን አማሪሊሶች፣ ምንም ቢያሳዝንዎ፣ ከነአፈራቸው አንሥተው ከጤነኞቹ ያርቁ። ምናልባት የምግብ እጥረት ወይም የፀሐይ ቃጠሎ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ማሰሮ ለብቻቸው አንድ ወቅት ያቆዩአቸው፤ አዲስ የሚወጣውም ቅጠል ዝንጉርጉር ከሆነ ያስወግዷቸው፣ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ግን አይጨምሯቸው። ሥራውን ሲሠሩም ጓንት ያድርጉ፤ አማሪሊስም አይሪስም ቢበሉ ይመርዛሉና ቁርጥራጩን ሕፃናትና የቤት እንስሳት ከሚደርሱበት አያስቀምጡ።

የተከፋፈለው አይሪስ በመጪው ወቅት ጥቂት ቢያብብ ወይም ጨርሶ ባያብብ አይደንግጡ፤ ሥር የሚይዝበት ዓመት ነው። ጤነኞቹ አማሪሊሶችም ለሁለት ዓመት የተቆረጠባቸውን ለመመለስ ምናልባት ሁለት ሙሉ የቅጠል ወቅት ይፈልጉ ይሆናል። በየወቅቱ መጨረሻ የኮረቱን ዙሪያ በክር ለክተው ይመዝግቡ፤ ክሩ እየረዘመ ከሄደ እምቡጡ እየመጣ ነው።