ጣና ውስጥ ቱቦ አስገብቶ በሂት ፓምፕ የሻወር ውሃ ማሞቅ ያዋጣል?

የሽምብጥ_ልጅ
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሽምብጥ በኩል ከሐይቁ ብዙ የማትርቅ 8 ክፍል ያላት ፔንሲዮን እየጨረስኩ ነው፣ እና ስዊድን ያለው ወንድሜ በየክፍሉ ቦይለር ደርድረሽ ቆጣሪውን ከምታስሮጪ ሂት ፓምፕ አስገቢ ይለኛል። እነሱ ጋ ቤቱም የሻወር ውሃውም የሚሞቀው በሱ ነው አሉ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ቱቦውን ሐይቅ ውስጥ ነው ያስገባው፣ አንቺማ ጣና ደጅሽ ላይ ነው ምን አነሰሽ አለኝ። እኔ በእውነት አልገባኝም። የአየር አለ የመሬት አለ የውሃ አለ ይላል፣ ልዩነታቸው ምንድነው? ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ቱቦ እንዴት አድርጎ ሙቅ ውሃ ይሰጣል? ወይስ ዝም ብዬ ሶላር ልስቀል? የምታውቁ በናታችሁ።

ጋቢ_ይበቃል
ባህር ዳር ላይ ቤት ማሞቂያ ሃሃሃ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ እንግዶችሽ የሚጠይቁሽ ኤሲ ነው፣ ለታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ጨምሪላቸው።

በረዶ_አገር
ጋቢው እንኳን ልክ ነው ግን ልጅቷ የጠየቀችው የሻወር ውሃ ነው። እኔም የምኖረው ስዊድን ስለሆነ የማውቀውን ልበል። ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፣ ካንዱ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ፍሪጅሽ ከኋላው የሚሞቀው ለምን ይመስልሻል፣ ከውስጥ የነጠቀውን ነው በጀርባው የሚያወጣው። ውስጡ የሚዞረው ጋዝ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ የሚፈላ ስለሆነ የ4 ዲግሪ ውሃም ለሱ ሙቅ ነው፣ ሙቀቱን ወስዶ ይተናል፣ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው ይግላል፣ ያንን ለሻወርሽ ውሃ አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዛ በጠባብ ቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ ወርዶ ይቀዘቅዝና እንደገና ይዞራል። መብራት የሚበላው በዋናነት ኮምፕረሰሩ ነው፣ ለዚህ ነው የ1 ኪሎዋት ሰዓት ከፍለሽ የ3 ወይ የ4 ሙቀት የምታገኚው።

ዓይነቱ የሚለየው ሙቀቱን ከየት ያነሳል በሚለው ነው። ርካሹ ከአየር ወደ አየር ነው፣ ያው ስፕሊት ኤሲ ተገልብጦ ሲሰራ በሉት፣ ክፍል ያሞቃል ሻወር ግን አያሞቅም። ከአየር ወደ ውሃ የሚባለው ታንከርም ያሞቃል፣ ከወለል ስር በተዘረጋ ቱቦ ቤቱንም። እዚህ ችግሩ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሲገባ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የውጭው ማሽንም በረዶ ስለሚይዝ በየጊዜው ራሱን ገልብጦ ማቅለጥ አለበት። ስለዚህ ብር ያለው ጓሮው ላይ ከ100 እስከ 200 ሜትር ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ታች ያለው አለት ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ ብዙም አይቀያየርም፣ ሰፊ ግቢ ያለው ደግሞ ቱቦውን 1 ሜትር አካባቢ ቀብሮ ይዘረጋዋል። የሐይቁም እንደዛው ነው፣ ፀረ በረዶ የተቀላቀለበት ፈሳሽ የሚዞርበት ቱቦ ክብደት ታስሮለት ይሰምጣል፣ ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ላዩ በረዶ ቢሰራም ታቹ እዛው 4 አካባቢ ይቆያል። ስቶክሆልም ላይ ከባህር ውሃ ሙቀት እያነሳ የከተማ ቤቶችን የሚያሞቅ ትልቅ ጣቢያ በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ።

ፍሪጅና_ኤሲ_ጥገና
እህቴ ሐይቁን እርሺው። ወንድማችን አሳምሮ አስረድቷል ግን መልሱ እዛው ውስጥ ነው፣ እነሱ ውሃ ውስጥ የሚገቡት አየሩ ከውሃው ስለሚብስ ነው። ጣና 20 ምናምን ዲግሪ ነው፣ ቀን ቀን አየሩም ያው ነው እንዲያውም ከሰዓት ይበልጣል፣ ታዲያ ምን ፍለጋ ትገቢያለሽ? ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ደግሞ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል፣ መስከረም ጥቅምት ላይ ደጅሽ የነበረ ውሃ ግንቦት ሰኔ ላይ ሸሽቶ ቱቦሽን ጭቃ ላይ ታገኚዋለሽ። ውሃውን እየሳብኩ ልጠቀም ካልሽ ደግሞ ክረምት ደለል አለ፣ እምቦጩም የሚበዛው ሰሜንና ምሥራቁ ላይ ነው ይባል እንጂ ነፋስ ሲነዳው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም፣ ማጣሪያ ስታጸጂ መዋልሽ ነው። ጉድጓድ ማስቆፈሩንም ተይው፣ ለሻወር ብሎ 100 ሜትር መውረድ እብደት ነው።

ከአየር ወደ ውሃ የሚለውን ግዢ። 200 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፣ በተራ ቦይለር ሰባቱንም ከቆጣሪ ትከፍያለሽ፣ በዚህ ግን 2 ገደማ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንዲሰራ ሙዪው፣ አየሩ በሞቀ ቁጥር ድካሙ ይቀንሳል፣ ታንከሩ በደንብ የተሸፈነ ከሆነ ለጠዋት ይደርሳል።

ብቻ ሰው የማይነግርሽ ነገር፣ እኛ 1800 ሜትር ላይ ነን፣ አየሩ ከባህር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ በካታሎግ የተጻፈው ጉልበት እዚህ አይገኝም ስለዚህ ከፍ ያለውን ውሰጂ። መብራቱን ታውቂዋለሽ፣ ስታብላይዘርና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ ታይመር ሳይኖር እንዳታስነሺው፣ ኮምፕረሰር ሲቃጠል የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ነው የሚጠይቅሽ። ከተቻለ ሞኖብሎክ ይሁን፣ ጋዙ ፋብሪካ ላይ ታሽጎ የሚመጣው፣ የመዳብ ቱቦ እዚህ ተበይዶ ጋዝ የሚሞላ ከሆነ በበያጁ እጅ ነሽ። አር290 የተጻፈበት ከሆነ ፕሮፔን ነው፣ ይቀጣጠላል፣ ውጭ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

የፖሊ_ተማሪ
ሶላሩንም አትናቂው እንጂ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት እኮ ፀሐይ በነጻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው አይለቅም፣ ያኔ የሚያሞቅልሽ ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፣ ማለት ተራ ቦይለር ሆነ። የሚበላሽ ነገር ማነሱ ግን ለሶላር ያደላል እኔ ብሆን። የትኛውንም ብትመርጪ በሳምንት አንዴ ታንከሩን 60 ዲግሪ አድርሺው፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፣ እንግዳ የምታሳድሪ ሰው ነሽ።

የሽምብጥ_ልጅ
ተባረኩ! የቤቱ ጣሪያ ግማሹ በዛፍ ጥላ ስር ስለሆነ ሶላሩ ይከብደኛል፣ ዛፉን ደግሞ አልቆርጠውም። ስንት ሊትር ይበቃኛል?

ፍሪጅና_ኤሲ_ጥገና
8 ክፍል ሁለት ሁለት ሰው ቢያድርበት፣ ላንድ ሰው 40 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ብለሽ 640 ነው፣ 55 ዲግሪ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ስለሚቀላቀል ግን ከታንከር የሚወጣው 370 ገደማ ነው። 400 ሊትር ውሰጂ፣ ወደ ክፍሎቹ የሚሄደውንም ቱቦ አልብሺው፣ አለዚያ የመጨረሻው ክፍል ያደረ እንግዳ ውሃው እስኪሞቅ ባልዲ ሙሉ ያፈሳል።