የፕሮግራም ኃላፊዎች የጋራ ዕቅድ፦ ረቂቁን እዚሁ እንጨርሰው

ሰብሳቢዋ፦
ሥራ ላይ ላሉ አለቆች የሚሰጠውን የንግድ አስተዳደር ማስተርስ፣ ኤግዘኪዩቲቭ ኤምቢኤ የሚባለውን፣ የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ስንገናኝ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የጋራ ዕቅድ ጽፈን ለየተቋማችን አመራር እናቀርባለን። ምን ብለን እንደምንጽፍ ግን ሳንነጋገር ተበተንን። ስለዚህ እኔ መነሻ አስቀምጣለሁ፣ እናንተ ቆራርጡት።

በዓመት አንዴ የሁለት ቀን ስብሰባ። በየሦስት ወሩ አንድ ምሽት በዙም። አዲስ ለሚሾሙ ኃላፊዎች ስልጠና። በየዓመቱ ሁለት ሰው ውጭ አገር ለጉባኤ መላክ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከሐዋሳ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ፤ እኛ እንገባለን ወይ? የእኛው ፕሮግራም «ኤግዘኪዩቲቭ» የሚል ስም የለውም። የቅዳሜና እሁድ ኤምቢኤ ነው። ክፍሉን ገብታችሁ ብታዩ ግን የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ኃላፊ፣ የሆቴል ባለቤት ነው የተቀመጠው።

ሰብሳቢዋ፦
እንዴታ! ትገባላችሁ። የፕሮግራሙን ስም ትተን ተማሪውን እንይ።

የቀድሞ ዳይሬክተር፣ አዲስ አበባ፦
ስለ ስልጠናው ልናገር፤ ቁስሌ ነው። እኔ ስሾም የተረከብኩት የቢሮ ቁልፍና ማህተም ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለትምህርት ውጭ ሄዷል። የእንግዳ መምህራኑ ዝርዝር ያለው እሱ ስልክ ውስጥ ነው። የተመራቂዎቹ አድራሻ ያለው ጸሐፊዋ ደብተር ላይ ነው። ከየትኛው ድርጅት ጋር ምን ዓይነት የክፍያ ስምምነት እንዳለን ያወቅሁት ድርጅቱ ራሱ ተቆጥቶ ሲደውል ነው።

ነገሩን እስክለምደው ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ። ልክ ስለምደው ጊዜዬ አለቀ። የተካኝ ልጅም ከዜሮ ጀመረ። ማስተማር ሌላ፣ ፕሮግራም መምራት ሌላ። ግማሹ ሽያጭ ነው፣ ግማሹ ሽምግልና ነው። ይህን ማን አስተማረን? ስለዚህ ከስልጠናው በፊት የርክክብ ፋይል ይቅደም። ሁላችንም የምንሞላው አንድ ዓይነት ቅጽ ይኑር። ወንበሩን የሚለቅ ሰው ደግሞ ለሦስት ወር ስልኩን ያንሳ።

አንጋፋው ፕሮፌሰር፦
ልጄ እውነት ብለሃል። አንድ ነገር ልጨምር። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥራ ኃላፊዎች ኤምቢኤ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በዚያው ዓመት እዚህ አዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ዛሬ ኮሜርስ የምንለው ማለት ነው። እነሱ ሥራ ላይ ያለውን አለቃ ወደ ክፍል መለሱት። እኛ ገና ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ልናፈራ ነበር። የእነሱ የፕሮግራም መሪዎች የራሳቸውን ምክር ቤት ያቋቋሙት ግን በ1981 ነው። 38 ዓመት ቆይተው! ስለዚህ ዘገየን ብላችሁ አትሳቀቁ።

ከግል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ፦
ፕሮፌሰር፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ። ውጭ መላኩ ላይ ግን አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጉባኤ ክፍያ በዶላር ነው። ብሩ ደግሞ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ለሁለት ሰው ቲኬት የሚወጣው ገንዘብ ሁላችንንም ቢሾፍቱ ያሳድረናል። እኔም አንዴ ሄጃለሁ። ይዤ የተመለስኩት ቦርሳና የአንገት ባጅ ነው።

አንጋፋው ፕሮፌሰር፦
ሩቁን ተዉት እሺ። ናይሮቢ ግን የሁለት ሰዓት በረራ ነው። የአፍሪካ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማህበር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። የናይሮቢው ስትራትሞርና የሌጎሱ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ለሥራ ኃላፊዎች ኤምቢኤ ይሰጣሉ። የእነሱ ራስ ምታት ከቺካጎው ይልቅ ለእኛው ይቀርባል።

ሰብሳቢዋ፦
አንድ ሰው፣ አፍሪካ ውስጥ፣ ሲመለስ ለሁላችንም የሚያስረዳ። ይስማማናል? እንዲህ ብዬ አስተካክለዋለሁ።

ከባህር ዳር፦
ይስማማናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ነው። በስድስት ወር ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደተገለባበጠ አስቡት። ሐምሌ 2016 የብሩ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ታኅሣሥ 2017 የውጭ ባንክ እንዲገባ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። ጥር ላይ አክሲዮንና ቦንድ የሚሸጥበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። አንዱ መምህራችን ስለ ውጭ ምንዛሪ ሲያስተምር ስላይዱ የድሮውን አሠራር ያሳያል። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ በየቀኑ ኤልሲ፣ ማለትም ለአስመጪ የሚሰጥ የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ የሚከፍት ሰው ነው። እጁን አወጣና «መምህር፣ ይሄ እኮ ቀርቷል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ በሚቀጥለው ሳምንት መምጣት አልፈለገም፤ ለምኜ ነው የመለስኩት።

እንዲህ ዓይነቱን ክፍል እንዴት ነው የምንመራው? ተማሪው ከመምህሩ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ሲኖር እውቀቱን ለትምህርቱ ማዋል ያስፈልጋል። የእኔ ሐሳብ እያንዳንዱ ተቋም በዓመት አንድ የአገር ውስጥ ኬዝ፣ ማለትም ክፍል ውስጥ የሚተነተን የአንድ ድርጅት እውነተኛ ታሪክ፣ ጽፎ ለሌሎቹ ይስጥ። ስድስት ብንሆን ስድስት ኬዝ አለን ማለት ነው።

ከግል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ፦
ድርጅቶች በር ይከፍታሉ? እኔ ደብዳቤ ይዤ ስንቱ ጋ ተንከራትቻለሁ።

የቀድሞ ዳይሬክተር፣ አዲስ አበባ፦
በደብዳቤ አይከፍቱም። ተማሪህ ግን እዚያው ነው የሚሠራው። የድርጅቱ ስም ይቀየር፣ ቁጥሩም ይሸፈን። ከሠራተኛው ጋር አብረህ ጻፈው።

ከሐዋሳ፦
ይህ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጣጣም ያወጣናል። ዝም ብለን አንለፈው እንጂ! ዩኒቨርሲቲ አካባቢ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት ምሰሶ የለም። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ ገንዘብ አላቸው፣ ጊዜ የላቸውም። ለዚያ ገበያ ከእነሱ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል? አንዱን በዲፌንስ ቀን፣ ጽሑፉን ፈታኝ ፊት በሚያስረዳበት ዕለት፣ «ናሙናህን እንዴት መረጥክ?» ብለው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «የቱ ገጽ ላይ ነው?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ መጥቷል፤ ምሰሶውም ሥራ ሊፈታ ነው።

በመመረቂያ ጽሑፉ (በቴሲሱ) ፋንታ ተማሪው በራሱ መሥሪያ ቤት ያለ አንድ ችግር ይዞ ይምጣ። በቃል ያስረዳ። ከሌላ ተቋም የመጣ ፈታኝ ይጠይቀው። ፈታኝ እንለዋወጥ። ለእኔ መተዋወቅ ማለት ቢዝነስ ካርድ መለዋወጥ አይደለም። ባህር ዳር ሄጄ የእነሱን ተማሪ ስፈትን ፕሮግራማቸውን ከውስጥ አየዋለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
ወንድሜ፣ ይህን ከሁሉም በላይ ወደድኩት። ቴሲሱን መቀየር ግን በእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ሴኔት ማጽደቅ አለበት። ፈታኝ መለዋወጡን እናስገባው፣ የቴሲሱን ጉዳይ «እንዲጠና» እንበል።

ከባህር ዳር፦
«እንዲጠና» ሲባል ይቀበራል።

ሰብሳቢዋ፦
እሺ፣ «በአንድ ተቋም ለአንድ ዙር ተማሪ እንዲሞከር»። ከሐዋሳ፣ እናንተ ትጀምራላችሁ?

ከሐዋሳ፦
ዲኑን አናግሬ እመለሳለሁ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የት እሸሻለሁ!

ከግል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ፦
አንድ ስጋት ልናገር፣ ቅር እንዳይላችሁ። እኔና እናንተ አንድ ተማሪ ላይ ነው የምንሻማው። ስንት እንደማስከፍልና ከየትኛው ባንክ ጋር እንደምነጋገር እዚህ አልዘረግፍም።

ሰብሳቢዋ፦
ማንም አይጠይቅህም። ስለ ክፍያና ስለ ደንበኛ ድርጅት አንነጋገርም፤ ይህም ረቂቁ ውስጥ ይጻፋል። የመግቢያ ፈተናው ጉዳይ ግን የጋራችን ነው። 20 ዓመት የሠራ ዳይሬክተር ጋት የሚባለውን የማስተርስ መግቢያ ፈተና ለመፈተን ሒሳብ ሲያጠና እያየን ነው። ስለ ፈተናው ለትምህርት ሚኒስቴር አንድ ድምፅ ሆነን ብንጽፍ ይሻላል።

የቀድሞ ዳይሬክተር፣ አዲስ አበባ፦
ቀኑስ? ቅዳሜና እሁድ ሁላችንም ክፍል አለን። አዘቦት ቀን መምህር ነን።

ከባህር ዳር፦
ጳጉሜን! ያኔ ክፍል የለም።

ከሐዋሳ፦
ጳጉሜን ላይ በግ ነው የሚገዛው። ባለቤቴ ምን ትለኛለች?

አንጋፋው ፕሮፌሰር፦
ጳጉሜን 1 እና 2 ይሁን። በጉ እስከ 5 ይቆይሃል፣ ዋጋው ላይ ግን አላማልድህም።

ሰብሳቢዋ፦
ተያዘ። የተስተካከለው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «የፕሮግራም ኃላፊዎች በየዓመቱ ጳጉሜን 1 እና 2 ይገናኛሉ። አንድ ዓይነት የርክክብ ፋይል ይኖራቸዋል፤ የሚለቅ ኃላፊ ተተኪውን ለሦስት ወር ያማክራል። እያንዳንዱ ተቋም በዓመት አንድ ኬዝ ያዘጋጃል፤ ቢያንስ አንድ ፈታኝ ይልካል፣ አንድ ይቀበላል። በቴሲስ ፋንታ የሚሠራው ፕሮጀክት በአንድ ተቋም ለአንድ ዙር ይሞከራል። በዓመት አንድ ሰው በአፍሪካ ውስጥ ወዳለ ተቋም ይላካል። ስለ ክፍያና ስለ ደንበኛ ድርጅት ውይይት አይደረግም። ስለ መግቢያ ፈተናው ለትምህርት ሚኒስቴር የጋራ ደብዳቤ ይጻፋል።» የዙሙን ምሽት አወጣሁት፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ። በቴሌግራም እንጻጻፍ።

ከግል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ፦
ለጳጉሜኑ አበል አለው?

ሰብሳቢዋ፦
አበል የለም። ምሳ አለ።

ከግል ኮሌጅ፣ አዲስ አበባ፦
እንግዲያው አዳራሹን እኛ እንስጥ። ምሳውን እናንተ ቻሉ።