ፐርፊዩዥኒስት ለመሆን ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?

የሌሊት ፈረቃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወደ አሜሪካ የመጣሁት በሕክምና ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዤ ነው። አሁን በኩላሊት እጥበት ክፍል በቴክኒሻንነት እሠራለሁ። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የልብና የሳንባ ማሽኑን የሚቆጣጠረውን ባለሙያ፣ ፐርፊዩዥኒስት የሚሉትን፣ ሙያ ለመማር አስቤያለሁ። ዲግሪዬ ይታሰብልኛል? የእጥበት ልምዴ ይጠቅመኛል? እየሠራሁ መማርስ እችላለሁ? የመጨረሻውን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ታላቅ ወንድሜ የጀመረውን ቤት እስኪጨርስ በየወሩ እንድልክለት ይፈልጋል። ትምህርት ልገባ ነው ስለው «በዚህ ዕድሜሽ ደግሞ ደብተር?» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ።

ጋሽ ታደሰ፦
እህቴ፣ በዚህ አገር ያላንኳኳሁት የትምህርት ቤት በር የለምና በሥርዓቱ ልንገርሽ። መጀመሪያ ማስረጃሽን አስገምግሚ። ዲግሪ አላት ብሎ በአንድ ገጽ የሚያልፈውን ሳይሆን እያንዳንዱን ኮርስ ከነውጤቱ የሚዘረዝረውን ግምገማ ጠይቂ። ማመልከቻሽን የሚመረምሩት የሚፈልጉት ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስን፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ነው። ኮርሱ ከቆየ እንደገና ውሰጂ የሚሉም አሉ።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ዕውቅና ያለው መሆኑን ሳታረጋግጪ አንድ ሳንቲም አትክፈዪ። የአሜሪካ የካርዲዮቫስኩላር ፐርፊዩዥን ቦርድ ለፈተና የሚያስቀምጠው ዕውቅና ካለው ፕሮግራም የተመረቀውን ነው። ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ መሠረታዊ ሳይንስ፣ ሌላው የክሊኒክ አተገባበር። ሌላ አገር ለዓመታት በዚህ ሙያ የሠራ ሰው እንኳ መጥቶ በቀጥታ መፈተን አይችልም። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ዙር የሚቀበሉት ተማሪም ጥቂት ነው። ቴክሳስ ኸርት ኢንስቲትዩት የራሱ ትምህርት ቤት አለው፤ ቺካጎ የሚገኘው ራሽ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል። ለአንድ ብቻ አመልክተሽ ደብዳቤ ስትጠብቂ እንዳትከርሚ።

የኔ ምክር ግን ነርሲንግ ነው። ትምህርት ቤቱ በየሰፈሩ አለ፣ ሥራውም በየትኛውም ከተማ አለ። ማሽን ለመጠበቅ ይህን ሁሉ መንገድ መሄድ ምን ይባላል?

ፓምፕ ክፍል፦
ጋሼ፣ ስለ ማስረጃው የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። «ማሽን መጠበቅ» ያሉትን ግን ሳልመልስ አላልፍም፤ እንጀራዬ ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ሄፓሪን፣ ከተሰጠ በኋላ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ እንለካለን። ብዙ ቦታ 480 ሰከንድ ካልደረሰ የማሽኑ ፓምፕ አይነሳም። ከዚያ ጠቆር ያለው ደም በስበት ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል፣ የሳንባውን ሥራ በሚሠራው ኦክሲጅነተር ያልፋል፣ ደምቆ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ቀዶ ሐኪሙ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ሲቆነጥጥ ፖታሲየም ያለበትን ፈሳሽ ወደ ልብ እልካለሁ፤ ልቡ ይቆማል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኔ ከማጠራቀሚያው አይነሳም። ደሙ ካለቀና ፓምፑ ካልቆመ የሚገፋው አየር ነው፤ አየር አንጎል ከገባ ደግሞ ወዮ ነው። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ባትሪውም ቢከዳ ፓምፑን በእጅ የምናዞርበት እጀታ ሁልጊዜ ከማሽኑ ጋር አለ።

ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ትከሻውን በሚያላላበት ሰዓት እንኳ እኔ አላላላም። የሄፓሪኑ ማርከሻ ፕሮታሚን መሰጠት ሲጀምር ከቁስሉ ደም እየመጠጠ ወደ ማሽኑ የሚመልሰውን መምጠጫ ማቆም አለብኝ። ፕሮታሚን ከገባበት ደሙ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፤ ሕመምተኛው በድንገት እንደገና ፓምፕ ቢያስፈልገው የምንመልሰው ወደ ምን ነው?

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። የእጥበት ልምድሽ ኮርስ አያስቀንስልሽም፤ ለቃለ መጠይቅ ግን ስንቅ ነው። ደም በቱቦ ሲዞር፣ ሄፓሪን፣ የአየር መጠቆሚያው ሲጮህ ምን እንደሚደረግ አንቺ በእጅሽ ታውቂዋለሽ። ከማመልከትሽ በፊት አንድ ቀዶ ሕክምና ገብተሽ ለማየት ፈቃድ ጠይቂ፤ ብዙ ፕሮግራሞች አይተሻል ወይ ይላሉ። እግርሽ ይችል እንደሆነም ያኔ ታውቂዋለሽ።

የእናቷ ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ቱቦ ታወራላችሁ፤ ስለ ወንድሟ አንድ ቃል የተናገረ የለም። እኔም እንደ እርሷ በየወሩ እልክ ነበር። ሦስት ወር ሥራ ያጣሁ ጊዜ «እንዴት ነሽ?» ብሎ የደወለ አልነበረም፤ «ምነው ዘገየ?» ያለው ግን ብዙ ነው። አገሬ ትናፍቀኛለች፤ ስልኩ ሲጮህ ግን ሆዴ ይፈራል። እህቴ፣ ትምህርትሽን ተማሪ። ቤቱ ይቆይ።

ጋሽ ታደሰ፦
ይህ ምክር አይደለም። ወንድምየው እርሷን ለማስተማር ምን እንደሸጠ እናውቃለን? እዚህ የደረስነው በማን ትከሻ ነው? ነርስ ብትሆን ሁለቱንም ታደርሳለች ያልኩት ለዚህ ነው።

የእናቷ ልጅ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው፤ እርስዎ ወንድ ልጅ ቢጠይቅዎት «ቤቱን አስቀድም» ይሉት ነበር? ወንድሟ የሚያድርበት ቤት አጥቶ አይደለም፤ አንብበውታል፣ «የጀመረውን ቤት» ነው ያለችው።

ጋሽ ታደሰ፦
ወንድ ቢሆንም ሴት ብትሆንም የምለው ያው ነው። ሦስት ልጆቼን ጠይቂ።

ፓምፕ ክፍል፦
ጋሼ፣ የነርሲንጉ ነገር ደግሞ ተመለሰ። ጆን ጊቦን በ1953 ፊላደልፊያ ውስጥ ይህን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ለልብ ቀዶ ሕክምና ሲጠቀምበት ከኋላው የብዙ ዓመት ሙከራ ነበረ፤ ባለቤቱ ሜሪም አብራው በቤተ ሙከራ ደክማለች። ባለሙያ የሚፈልገው በከንቱ አይደለም። ተማሪ ለፈተና ለመቅረብ ቢያንስ 75 ቀዶ ሕክምና ላይ መሥራት አለበት፤ ካለፈም በኋላ የቦርዱን የምስክር ወረቀት ለማቆየት በዓመት 40 ይጠበቅበታል።

የሌሊት ፈረቃ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማስረጃውን በዝርዝር ለማስገምገም ነገ እጀምራለሁ። ወንድሜ ለእኔ የሸጠው ነገር የለም ጋሼ፤ ያስተማረችኝ እናታችን ናት። ግን እየሠሩ መማሩ እንዴት ነው? እኔ የምሠራው ሌሊት ነው።

ፓምፕ ክፍል፦
የክፍል ትምህርቱ ላይ ሳለሽ ቅዳሜና እሑድ የሚቻል ይመስለኛል። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገቢ ግን ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ፓምፕ ላይ መቆም አይታሰብም፤ ድንገተኛ ሲመጣም ትጠሪያለሽ። ስለ ብድሩ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አለሽ ወይ የሚለው ይወስነዋል። አልነገርሽንም።

የእናቷ ልጅ፦
ጋሽ ታደሰ፣ እናትየዋ ናት ያስተማረቻት። አነበቡት?

ጋሽ ታደሰ፦
አነበብኩት። እናትየዋስ ያ ቤት ሲያልቅ የት ልትኖር ነው? እርሱን ጠይቂያት።