1974 የቱ ነው?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ጎንደሬዎች። ፒያሳ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት አሮጌ መጻሕፍት አንድ ልብ ወለድ ገዛሁ። ሽፋኑ በፕላስተር ተለጥፏል፣ የቡና ጠብታም አለበት። ውስጡ «ሁለተኛ እትም፣ ጥር 1974 ዓ.ም.» ይላል። ውክፔዲያ ላይ ግን አንዱ «በ1974 እ.ኤ.አ. ታተመ» ብሎ ቁጭ አድርጎታል። እሱ እኮ ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ነው! አሳታሚውንም «ብርሃንና ሰላም» ብሎታል። ልቀይረው ወይስ ዝም ልበል?

መደርደሪያ፦ እህቴ፣ ቀይሪው እንጂ። ከጥር ወዲህ 8 ነው የሚደመረው፤ 1982 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ጥቅምት ወይም ኅዳር ቢል ኖሮ 7 ነበር። ወሩ ካልተጻፈ አትገምቺ፣ «1974 ዓ.ም.» ብለሽ ተይው። ደግሞ የያዝሽው ሁለተኛ እትም ነው፤ በዚህ ቀን መጀመሪያ ታተመ እንዳትዪ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው። ያተመ ሁሉ አሳታሚ አይደለም፤ ስንቱ ደራሲ ነው ከኪሱ አውጥቶ የሚያሳትመው።

ቅዳሜ ገበያ፦ እኔን የሚያበሽቀኝ የስሙ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ መደርደር ምን ይሉታል? ዓለማየሁ እኮ አባታቸው ናቸው! በ«ሐ» ፈልጌ አጣኋቸው።

መደርደሪያ፦ ሃሃ፣ እውነትሽን ነው።

የአዘዞዋ፦ ገልጬ አየሁት፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «አሳታሚ፦ ደራሲው» ይላል። ኔትወርኩ ሁለቴ ቢቆራረጥብኝም ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያውን እትም ያየ ካለ ይጻፍልኝ።