ያው ኢንዛይም ሁለት ቁጥር ይሰጠኛል፣ የቱን ልመን?

የጭድ_ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ? ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። ርዕሴ የጤፍ ጭድ ላይ ያገኘሁት ሻጋታ የሚያወጣው ሴሉሌዝ (ሴሉሎስን ወደ ስኳር የሚሰብር ኢንዛይም) ነው። የምለካው በፊልተር ፔፐር ነው፤ 1 በ6 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ዋትማን ቁጥር 1 የማጣሪያ ወረቀት፣ አንድ ሚሊ ሊትር ሲትሬት ባፈር፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ኢንዛይም፣ 50 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ዲ.ኤን.ኤስ (ከስኳር ጋር ሲፈላ ቀለሙ የሚቀየር ኬሚካል) ጨምሬ አፈላና ቀለሙን 540 ናኖ ሜትር ላይ አነባለሁ። ኢንዛይሙን ሳላቀጥን 3.6 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ወጣ፣ ሳሰላው 0.67 ዩኒት። 4 እጥፍ አቅጥኜ ስደግመው 1.9 ሚሊ ግራም፣ በ4 ሳባዛው 1.41። ያው ጠርሙስ፣ ያው ቀን! ሦስቴ ደገምኩት፣ ለውጥ የለም። አማካሪዬ «አማካዩን ውሰጂ» አሉኝ፣ ልቤ ግን አልተቀበለውም።

ነጭ_ጋውን፦
ልብሽ ልክ ነው፣ አማካዩን እንዳትወስጂ። ጣጣው ከወረቀቱ ነው። ሴሉሎሱ ሁሉ እኩል አይበላም፤ ላላ ያለው ቶሎ ያልቃል፣ ክሪስታል የሆነው ግን እምቢ ይላል፣ በዚያ ላይ የሚወጣው ሴሎባዮዝ የሚባል ስኳር መልሶ ኢንዛይሙን ያፍነዋል፣ ስለዚህ ኢንዛይሙን እጥፍ ብታደርጊው ስኳሩ እጥፍ አይሆንም። በ1987 የወጣው የአዩፓክ (የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት) መመሪያ 2 ሚሊ ግራም ላይ የቆረጠውም ሁሉም ሰው አንድ ነጥብ ላይ እንዲለካ ነው። ከ50 ሚሊ ግራሙ ወረቀት 4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። 2 ሚሊ ግራሙን ወደ ዩኒት የምትቀይረው 0.37 የምትባለው ቁጥር የምትሠራው እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ነው፣ በ3.6 ላይ እሷን ይዞ ማስላት ዋጋ የለውም።
አንዱ ከ2 ትንሽ በላይ፣ አንዱ ትንሽ በታች የሚሰጡ ሁለት ቅጥነቶች ፈልጊ። መስመር አስምሪና 2 የሚወድቅበትን የኢንዛይም መጠን አንብቢ (ያልቀጠነው 1፣ 4 እጥፍ የቀጠነው 0.25 ተብሎ)። 0.27 ላይ ከወደቀ 0.37ን ለ0.27 ማካፈል ነው፣ 1.37። ያንቺ 1.41 ለዚህ የቀረበው 1.9 ለ2 ስለቀረበ ብቻ ነው።

ደጋ_ላይ፦
ላብሽ አዲስ አበባ ነው? ከሆነ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «5 ደቂቃ አፍላ» ሲባል 100 ዲግሪ እንዳይመስልሽ፣ ቀለሙም በዚያው ልክ ፈዘዝ ይላል። ባለፈው ወር የሠራሽውን ስታንዳርድ (መጠኑ በታወቀ ግሉኮስ የተሠራ ማነጻጸሪያ) ይዘሽ ዛሬ አታስዪ። ግሉኮሱንም ናሙናውንም አንድ ላይ፣ አንድ ውሃ ውስጥ አፍዪ። እኔ ይቺን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከቁጥር ጋር ስታገል ከርሜያለሁ።

ነጭ_ጋውን፦
ደግሞ ብላንክ (የሚቀነስ ባዶ ማነጻጸሪያ) ስንት ሠራሽ? ወረቀት የሌለበት፣ ኢንዛይምና ባፈር ብቻ ያለበት ቱቦ የግድ ነው። ሻጋታው ያደገበት ፈሳሽ ውስጥ ከጭዱ የወጣ ስኳር ይኖራል፣ ዲ.ኤን.ኤስ ደግሞ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ከርታታ፦
ይቅርታ፣ ጭድ ወረቀት አይደለም። ጭድ ውስጥ ዛይላንም ሊግኒንም አለ፣ ዋትማን ደግሞ ሴሉሎስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሻጋታሽ ጭድ ይበላል ልትዪ ከሆነ ዛይላኑን የሚሰብረውን ኢንዛይም፣ ዛይላኔዙንም ለኪ፣ የሱን ስታንዳርድ ግን ከዛይላን በሚወጣው ስኳር በዛይሎዝ ሥሪ። ፈጭተሽ ያጠብሽው ጭድ ላይም አንድ ሙከራ ጨምሪ። ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የጭድ_ተማሪ፦
ተባረኩ! ዛሬ ያን ወረቀት የሌለበትን ቱቦ ሠራሁ። ዲ.ኤን.ኤስ ብቻውን ፈልቶ ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል፣ ይሄኛው ግን ብርቱካናማ ሆኖ ወጣ። ለካ እስካሁን የጭዱን ስኳር ለኢንዛይሙ ስቆጥርለት ነበር። ከሁለቱም ቁጥሮች ይቀነሳል ማለት ነው። ስኳሩን ቀድሜ ማስወገድ አልችልም?

ነጭ_ጋውን፦
ትችያለሽ። ዳያሊሲስ ከረጢት (ትንንሹን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ከረጢት) ውስጥ ከተሽ ባፈር ውስጥ ፍሪጅ አሳድሪው፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ኢንዛይሙ ይቀራል። ባፈሩን አንዴ ቀይሪ። ስትጨርሺ የፈሳሹን መጠን እንደገና ለኪ፣ ከረጢቱ ውስጥ ውሃ ስለሚገባ ኢንዛይሙ ይቀጥናል።